ከውስጥ ገና ነው

በልጅነቴ እኛ ቤት ሶላር ላይ ተሰክቶ ቶሎ የሚሞላ አንድ ስልክ ብቻ ነበር፤ የሰዲቅ ስልክ። የሌላው ሰው ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ተሰክቶ ውሎ ሁለት ሰረዝ ካሳየ ባለቤቱ አመስግኖ ይዞት ይሄዳል። የሰዲቅን ግን ገመዱን ሰክቼ ፊቴን ሳዞር አራቱም ሰረዝ ተደርድሮ አገኘዋለሁ። ይህን ጉድ ከእኔ ጋር ሁለተኛ ክፍል ለሚማሩት ልጆች ሁሉ አውርቻለሁ። ምክንያቱንም አስረድቻቸዋለሁ፤ ሶላራችን ሰዲቅን ስለሚወደው ነው አልኳቸው። ሶላር ሰው ይወዳል ወይ ብሎ የተከራከረኝ አልነበረም፤ ሶላር ያለው የእኛ ቤት ነውና ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ቤታችን ከአምቦ ወዲያ ካለችው ካቺሲ ከተማ ዳር ነው፤ ከገበያው ወደ ገደሉ ሲወረድ ከመጨረሻዎቹ ቤቶች አንዱ። አባቴ መምህር ሙለታ ይባላል፤ ሳይንስ ያስተምር ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። እናቴ የሞተችው ጡት ሳልጥል ነው። ያኔ አባቴን ልታግዝ ከገጠር የመጣችው ታናሽ እህቱ ድንቅቱ ነበረች። ለጥቂት ጊዜ ብላ መጥታ እዚያው ቀረች። የአባት እህት በኦሮምኛ አዳዳ ትባላለች፤ እኔም አዳዳ እያልኩ አደግሁ። ሌሎች ልጆች እናታቸውን ሲጠሩ ስሰማ፣ የእነሱ እናት ሌላ ስም ስላላት እንጂ ነገሩ አንድ ይመስለኝ ነበር።

ሶላሩን አባቴ የገዛው በ2007 ነው፤ ከሰዲቅ ሱቅ። ሰዲቅ ከስልጤ፣ ከወራቤ የመጣ ነጋዴ ነበር። ፋኖስ፣ ሚስማር፣ የራዲዮ ድንጋይ፣ የፕላስቲክ ጫማ ይሸጥ ነበር፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ሶላር አመጣ። የመስኮት መዝጊያ የምታህል ፓኔል፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ጥቁር ባትሪ፣ ሦስት አምፖልና አንድ ስልክ መሙያ። ሊገጥምልን ራሱ መጣ። ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ሽቦውን በኦሮምኛ ሲጠይቅ አዳዳ ከታች ሆና በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። «የእኔ ኦሮምኛ ያስቃል?» አላት። «አያስቅም፤ ያስለቅሳል» አለችው። ቆርቆሮው ላይ ቁጭ ብሎ እስኪበቃው ሳቀ።

በዚያ ምሽት ብርሃን ሲበራ መጀመሪያ ያየነው ጥቀርሻውን ነው። የስንት ዓመት ኩራዝ ግድግዳውን ጥቁር አድርጎት ኖሯል፤ በኩራዝ ብርሃን ደግሞ አይታይም። አባቴ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ የደቀቁትን ፊደላት ያለ መነጽር አነበበ። አዳዳ ግን ግድግዳውን እያየች «በዚህ ቤት ውስጥ ነው እንግዳ ስቀበል የኖርኩት!» ብላ አፈረች። በማግስቱ ነጭ አፈር በጥብጣ ለቀለቀችው።

ከዚያ ስልክ መምጣት ጀመረ። የመብራት መስመር በካቺሲ ዋናው መንገድ ላይ ነበረ፤ ወደ እኛ ሰፈር ግን አልወረደም ነበር። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው ሁሉ ስልኩን እኛ ጋ ጥሎ ወደ ገበያው ይወጣል። እንዳይቀላቀሉ እኔ ክር አስርባቸዋለሁ፤ ቀይ ክር የኦቦ ጋዲሳ፣ አረንጓዴ የዓለሚቱ፣ ቢጫ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ። በየተራ መሰካትና መንቀል የእኔ ሥራ ነበር። ሲጮሁ ማንሳት ክልክል ነው። አንዳንዴ ሁሉም ባንዴ ይጮሃሉ፤ ዶሮዎቻችን ከጠረጴዛው ሥር በርግገው ይወጣሉ።

ሰዲቅ በገበያ ቀን አይመጣም። እሱ የሚመጣው በሌላው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ከትምህርት ቤት ሳይመለስ ነው። ስልኩን ለእኔ ይሰጠኛል፤ ከረሜላም አብሮ። ከዚያ በረንዳው ላይ ካለችው አግዳሚ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። አዳዳ እህል እያበጠረች ወይም ሽንኩርት እየላጠች ከደጃፉ ትቀመጣለች። በመካከላቸው እኔና ስልኩ አለን።

ደጋግሞ የሚያጣላን ነገር ነበር።

«ሞልቷል!» እላለሁ ስልኩን ከፍ አድርጌ።

«የት ሞላ? ገና ነው» ትለኛለች አዳዳ፣ ቀና ብላ ሳታይ።

«አራት ሰረዝ ነው እኮ!»

«እሱ ከላይ ነው የሚያሳየው። ከውስጥ ገና ነው። በይ መልሰሽ ሰኪው።»

ወደ ሰዲቅ እዞራለሁ፤ የሚሸጠው እሱ ስለሆነ ያውቃል ብዬ። እሱም ራሱን ይነቀንቅና «ልክ ናት፤ ናኦሚዬ። የዚህ ስልክ ነገር አስቸጋሪ ነው፤ ከውስጥ ለመሙላት ጊዜ ይፈጃል» ይለኛል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከተስማሙ ምን ይደረጋል? መልሼ እሰካዋለሁ።

ይህን እውቀት ሥራ ላይ አዋልኩት። አንድ የገበያ ቀን ኦቦ ጋዲሳ ስልካቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ሦስት ሰረዝ ደርሶ ነበር። የሰፈራችን ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ያፍራቸዋል። እኔ ግን ስልኩን ከኋላዬ ደብቄ «አይቻልም፤ ከውስጥ ገና ነው» አልኳቸው።

«ከውስጥ?» አሉኝ። «ይሄን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«አዳዳ ናት። የሰዲቅም እንደዚያ ነው። አራት ሰረዝ እያለው ራሱ ገና ነው።»

ኦቦ ጋዲሳ አዳዳን አዩአት። አዳዳ ወጥ የሚያርርባት ይመስል ወደ ውስጥ ሮጠች። እሳቸው በምርኩዛቸው ተደግፈው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁና «እሺ፣ ኢንታላ ኮ፣ የእኔ ልጅ፣ የእኔ እንኳ ለሽማግሌ ይበቃል፤ ስጪኝ» አሉኝ።

የሰዲቅ ሱቅ ጣሪያ ላይ፣ በጓሮ በኩል፣ የእኛን ሁለት እጥፍ የሚሆን ሶላር እንደነበረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ስልኩ እኛ ቤት የሚመጣው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሶላር የሚሸጥ ሰው ቻርጅ ፍለጋ ሰው ቤት ምን ይሠራል ብሎ ያልጠየቀ ሰው በካቺሲ ውስጥ ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ።

የማይገባኝ ሌላም ነገር ነበር። ሰው ባለበት አዳዳ ሰዲቅን «እርስዎ» ትለዋለች፤ እኛ ብቻ ስንሆን «አንተ»። ባለጌ እየሆነች መስሎኝ አንድ ቀን ገሠጽኳት። «ነጋዴ አንተ አይባልም፤ አባዬ ተናግሯል» አልኳት። ሰዲቅ ቀና አለና «ተያት ናኦሚዬ፤ እኔ ፈቅጄላታለሁ» አለኝ። ፊቷ በርበሬ መሰለ። እኔም ስለተቆጣኋት መስሎኝ አንጀቴን በላችው።

ምን ያወሩ ነበር? ትዝ የሚለኝ ትንሽ ነው። ስለ ዝናብ። ወራቤ ስላሉት እናቱ። የእሱ እናት ቆጮ እንዴት እንደሚያዘጋጁ ሲነግራት፣ እሷም አንዳንዴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መዝሙር ስታሰማው። አንድ ጊዜ «የእናንተ መዝሙር ደስ ይላል፤ ግን ለምን ሁልጊዜ ስለ መሄድ ነው?» ብሏት ነበር። እኔ መልሱን ስጠብቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በ2008 ምሰሶ ወደ ሰፈራችን ወረደ። ልጆች ሁሉ ከጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ኋላ ስንሮጥ ከረምን። መስመሩ ተለቆ አምፖሉ ሲበራ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጎረቤታችን ዓለሚቱ ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት ቀን በቀን መብራቷን አብርታ ዋለች። አዳዳ ግን በእልልታው መሀል ቆማ አንገቷን ደፋች። ኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ስታለቅስ አገኘኋት።

«አዳዳ፣ ለሶላሩ አዝነሽለት ነው?» አልኳት።

«አዎ» አለችኝ። «ለሶላሩ ነው።»

እኔም ለሶላሩ አዘንኩለት። ከዚያ በኋላ ክር የማሰር ሥራ ቀረ። ሰዲቅም ቀረ። እሱ ጋም መስመር ስለገባ ስልኩን እዚያው እየሞላ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ትርፍ ከረሜላ ባላገኝም ልማት ነውና ቻልኩት። አዳዳ ግን በየጠዋቱ መሰላሉን አስደግፋ እየወጣች ማንም የማይጠቀምበትን ፓኔል በእርጥብ ጨርቅ መወልወሏን አልተወችም። «ለምንድን ነው?» ስላት «አቧራ አይወድም» ትለኛለች።

መስመሩ ብዙ አላኮራንም። የክረምቱ መብረቅ ትራንስፎርመሩን አቃጠለውና ሰፈሩ ጨለመ። የሚጠግን ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። ዓመቱም ሰላም አልነበረም፤ የአምቦ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሰውም ዕቃም አይገባም። ሰፈሩ በሙሉ ሲያጉረመርም አዳዳ ብቻ እያዜመች ቤት ጠረገች። መብራት ጠፋ ተብሎ የሚደሰት ሰው እሷን አየሁ። በነገታው ከሰዓት ሰዲቅ ስልኩን ይዞ በራፉ ላይ ቆመ። «መስመሩ ጠፋብን እኮ» አለ። ስልኩን ሰካሁት። ወዲያው ሞላ። ሶላራችን አልረሳውም ብዬ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ነው በጣም የሚናፍቀኝ። መስመሩ አንዳንዴ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ የለም። ሲመጣ ሰዲቅ ይቀራል፤ ሲጠፋ ይመጣል። እኔ ሁለቱንም እወድ ነበር፤ ሲመጣ ቴሌቪዥን ያላቸው ጎረቤቶች ጋ እሄዳለሁ፣ ሲጠፋ ከረሜላ አለ። አዳዳ ግን አምፖሉ ብልጭ ባለ ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። መስመር እንደምትፈራ ወሰንኩ፤ ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል ብሎ አባቴ ነግሮናል።

ችግሩ ባትሪው ነበር። ባትሪ ያረጃል፤ ይህን የነገረን አልነበረም። መጀመሪያ ከሦስቱ አምፖሎች አንዱን ነቀልን። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ከዚያ ራት ፀሐይ ሳትጠልቅ መብላት ጀመርን፤ የቤት ሥራዬን በረንዳ ላይ እጨርሳለሁ፤ አባቴ የፈተና ወረቀቱን ትምህርት ቤት አርሞ ይመጣል። ሲመሽ የቀረችው አንዲት አምፖል እንደ እሳት ፍም ቀልታ ትቆይና ትጠፋለች። ኩራዙን ከሳጥኑ ሥር አወጣነው፤ ነጭ ጋዝ ግን እንደ ድሮው በየሱቁ አይገኝም። አዳዳ ለባትሪው እንደ በሽተኛ ታስባለች። ብርድ እንዳይነካው በአሮጌ ብርድ ልብስ ትሸፍነዋለች፤ ጫፉ ላይ የሚወጣውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውሃ ታጥባለች። አባቴ አምቦ ለስብሰባ ሲሄድ የባትሪ ውሃ ገዝቶ እንዲመጣላት ትለምነዋለች።

«ይሄ ነገር እኮ አብቅቶለታል፤ ድንቅቱ» ይላታል።

«አላበቃለትም ጋሼ። ትንሽ ውሃ ነው የሚፈልገው።»

አባቴ በረጅሙ ይተነፍሳል። ግን ውሃውን ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ አዲስ ባትሪ ፍለጋ አምቦን ሙሉ ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ እንደዚያ ያለ ባትሪ ድሮ ቀረ፣ ከውጭ አይገባም አሉት። ጫማው በጭቃ ተለውሶ ደጃፉ ላይ ቆሞ «አጣሁልሽ» አላት። ለአንድ ባትሪ ይህን ያህል ማዘኑ ገረመኝ። አባቴ ስለ ሶላሩ ሁልጊዜ ስለሚያማርር የሚጠላው ይመስለኝ ነበር።

ባትሪው የሞተው በ2009 ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ፀሐይ ሙሉ ቀን ወጥታ ሳለ መሙላቱን የምታሳየው አረንጓዴ መብራት አልበራ አለች። አባቴ ገመዱን ነካካ፤ በጣቱ ባትሪውን መታ መታ አደረገውና «በቃ፤ ይሄን ነገር ከሰዲቅ ጋር መነጋገር አለብኝ» አለ። ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። አዳዳ «ጋሼ፣ ተወው!» ብላ እስከ አጥሩ ተከተለችው፤ አልተመለሰም። እኔ ደስ አለኝ። የበሰበሰ ባትሪ የሸጠልን እሱ ነው፤ ይጠየቅ እንጂ!

ከዚያ ቅዳሜ ማለዳ ሦስት ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ። ኦቦ ጋዲሳ፣ ከገበያው ጋሽ ፈዲሉ፣ አንድ የማላውቃቸው ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰውም ነበሩበት። ሽማግሌ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። የዓለሚቱ በሬ የሰው ስንዴ ሲበላ መጥተው አስታርቀዋል። አሁን ደግሞ ለባትሪው ነው አልኩ። ሰዲቅ ራሱ አብሯቸው አልገባም፤ ወደ ገበያው በሚያወጣው መታጠፊያ ላይ ባህር ዛፍ ተደግፎ ቆሟል። ሸሚዙ አዲስ ነው። ባትሪው አሳፍሮት ነው ብዬ ትንሽ አዘንኩለት።

«ታኣ፣ ተቀመጡ እንጂ» አላቸው አባቴ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ኦቦ ጋዲሳ።

መቀመጫው ያነሰ መሰለኝ። ወደ ውስጥ ሮጥኩና በርጩማ አመጣሁ። ማንም አላየኝም። ሌላ በርጩማ አመጣሁ። ከዚያ የአዳዳን ወንበር። በመጨረሻ የጤፍ ማዳበሪያውን እየጎተትኩ መጣሁ። ሦስት ሽማግሌዎች በወንበርና በማዳበሪያ ተከበው ቆመው ይናገራሉ፤ ጋሽ ፈዲሉ ሳቃቸውን ለማፈን ጢማቸውን ይዘዋል። አባቴ «ናኦሚ፣ ሂጂ ዶሮዎቹን እይ» አለኝ።

ዶሮዎቹ ምንም አልሆኑም። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሆኜ ጆሮዬን ጣልኩ። «ሰው ለሰው ነው»፣ «ሃይማኖቱ የየራስ ነው»፣ «ልጁ ጨዋ ነው» ሲባል ሰማሁ። ሰዲቅ ጨዋ ከሆነ ባትሪውን ይቀይራል ማለት ነው። አባቴ ብዙ አልተናገረም። ከዚያ ተነስቶ አዳዳ ወዳለችበት ወጥ ቤት ገባ። በኦሮምኛ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ አወሩ። የአባቴን ቃል አልሰማሁም። የእሷን «ላኪ፣ ላኪ»ን ብቻ ሰማሁ፤ አይሆንም፣ አይሆንም ማለቷ ነው። አባቴ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ጢሱ ነው አልኩ።

ለሽማግሌዎቹ የነገራቸው አጭር ነበር። ኦቦ ጋዲሳ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆይተው «እንግዲህ ምን እንላለን» አሉ። ሳይቀመጡ ሄዱ። ያመጣሁት መቀመጫ ሁሉ እንደተደረደረ ቀረ። መታጠፊያው ላይ ከሰዲቅ ጋር ሲገናኙ አየሁ። ሰዲቅ አንገቱን ነቀነቀ፤ እጃቸውን በየተራ ስሞ ብቻውን ወደ ላይ ወጣ። አዲስ ባትሪም አላመጣልንም።

መስከረም ሳይጠባ ሱቁን ዘግቶ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ እጃጂ ሄደ ተባለ። አዳዳ ፓኔሉን መወልወል አቆመች። አቧራው ከቆርቆሮው ጋር አንድ እስኪሆን ተከመረበት።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ የአንድ ጎረቤት ልጅ ልትዳር ሽማግሌዎች መጥተው ቆሙ። «ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። እኔ ወንበር ላመጣ ተነስቼ መንገድ ላይ ቀረሁ። ሁሉም ነገር ባንዴ ገባኝ፤ ስልኩ፣ ከረሜላው፣ «አንተ»ው፣ መታጠፊያው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰዎቹ ሙሽራዋን የምወዳት መሰላቸው። አዳዳንና ሰዲቅን ማን እንደከለከላቸውም ወዲያው ወሰንኩ። ክርስቲያን እህቱን ለሙስሊም የማይሰጥ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እንጂ ሌላ ማን ይሆናል? ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአባቴ ያለኝ ነገር ቀዘቀዘ። ሲጠራኝ «አቤት» እላለሁ፤ ከዚያ ያለፈ አላወራውም። እሱም ምክንያቱን አልጠየቀኝም።

ዘንድሮ፣ በ2018፣ ከጤና ኮሌጅ ወጥቼ እጃጂ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። መስመሩ እዚያም እንደ እንግዳ ነው፤ የክትባቱን ማቀዝቀዣ የያዘልን ሶላር ነው። ሽቦው ሲበጠስ የሚሸጥበትን ሱቅ ጠየቅሁ። «ሰዲቅ ጋ ሂጂ» አሉኝ። ወዲያው ሄድኩ። ጢሙ ሸብቷል፤ ድምፁ ያው ነው። አላወቀኝም። ስሜን ስነግረው የያዘውን ሽቦ አስቀመጠ። ስለ አባቴ ጤና ጠየቀ። ስለ ኦቦ ጋዲሳ ጠየቀ፤ ማረፋቸውን ስነግረው አላህ ይዘንላቸው አለ። ከዚያ ወደ ሽቦው አጎንብሶ «ድንቅቱ አገባች?» አለኝ።

«አላገባችም።»

ከዚያ በኋላ ሽቦውን ሦስት ጊዜ ለክቶ ሦስቱንም ጊዜ ተሳሳተ። ጎረቤቱ ዙልፋ፣ ጨርቅ ሻጯ፣ ኋላ ነገረችኝ፤ አግብቶ ነበር፣ አልሆነም፣ ሚስቱ ወደ አገሯ ከተመለሰች ቆይታለች። ልጅ የላቸውም።

ባለፈው ወር ካቺሲ ሄድኩ። ነዳጅ ስለጠፋ መኪና ለማግኘት ሁለት ቀን ጠብቄያለሁ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ላይ ነበር። አዳዳ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀመች ነው። ሠላሳዎቹን አጋምሳለች፤ ጠጉሯ ውስጥ ጥቂት ነጭ አለ። ሰዲቅን እንዳየሁት ነገርኳት። እጇ ቆመ።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው። አግብተሽ እንደሆነ ጠየቀኝ።»

ወደ ሰፌዱ አቀረቀረች። እኔ ግን ስንት ዓመት የያዝኩትን ነገር አወጣሁት። «አባዬን ይቅር አልለውም» አልኳት። «ሕይወትሽን ነው የዘጋብሽ።»

አዳዳ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። እንደዚያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። «ማን ነው ዘጋ ያለሽ? ሽማግሌ ላክ ያለው እኮ አባትሽ ነው! ባትሪው የሞተ ቀን ሱቁ ድረስ ሄዶ ‹ከእንግዲህ ሰበብ የለህም፤ ወይ ሽማግሌ ላክ ወይ በእህቴ አታስወራ› ብሎት ነው የተመለሰው። ሰፈሩ ማውራት ጀምሮ ነበር። እስከዚያ ድረስ የባትሪ ውሃ ማን የሚያመጣልኝ ይመስልሻል? ለአምፖል ብሎ ነው? ወጥ ቤት ገብቶ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ግን ቤቴን የተሸከምሽው አንቺ ነሽ። እሄዳለሁ ካልሽ ካጠገብሽ እቆማለሁ፤ ከሽማግሌነቴ ያውርዱኝ› ነው ያለኝ። እያለቀሰ።»

«ታዲያ ‹ላኪ፣ አይሆንም› ያልሽው ለምንድን ነው?» አልኩ።

ወደ ግቢው አየች። «አንቺ በርጩማ እየጎተትሽ ነበር» አለችኝ። «በበሩ ስንጥቅ አየሁሽ። ያን ማዳበሪያ እያላበሽ ትጎትቺያለሽ፤ የሚሆነውን አታውቂም። ይዤሽ ልሂድ ብል አባትሽ ብቻውን ሊቀር ነው። ትቼሽ ልሂድ ብል… እግሬ አይሄድልኝም። እናትሽን ቀብረሽ እኔንም ልትሸኚ ነው? ላኪ አልኩት። ለሰዲቅም እንዲህ ብለህ ንገረው አላልኩም፤ ቢያውቅ ይጠብቀኛል ብዬ ፈራሁ።»

እናቴን እየናፈቅሁ ያደግሁ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ቤት ግን ከእኔ ይበልጥ የናፈቀች ሰው ነበረች፤ በየቀኑ ጠጉሬን እየጎነጎነች፣ ምሳዬን እየቋጠረች ናፈቀች። እቅፍ አድርጌያት አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ጀርባዬን እየመታች «በቃ፣ በቃ፤ ትልቅ ሰው ነሽ እኮ አሁን» አለችኝ።

«አሁን ትልቅ ሰው ነኝ» አልኳት። «ለአባዬም ጡረታው ወጥቶለታል፤ ወጥ መሥራትም ተምሯል። አሁንስ?»

«አሁን ምን?»

«ሰዲቅም ብቻውን ነው፤ አዳዳ።»

ሰፌዱን አንስታ ምስሩን መልቀም ቀጠለች። ድንጋዩን ከምስሩ፣ ምስሩን ከድንጋዩ ጋር ስትቀላቅል አየሁ። ቆይታ፣ ቀና ሳትል፣ «ነገ የምትሄጂበት መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አለችኝ።

«ነዳጅ ካገኘ ማለዳ ነው።»

«ለሁለት ሰው ቦታ ይኖረዋል?»

«ማልደን ከወጣን ይኖረዋል።»

ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ሰማዩን አየችው።

«እንግዲያው ፀሐይ ሳለ ልብሴን ልጠብ» አለች።